የሐጃ ፊዳ ቆጣሪ

ጁን 10፣ ማክሰኞ

የጎረቤቴ የሐጃ ፊዳ ጉልበት ዛሬም አልተሻላቸውም። ስኳራቸው ደህና ነው ተብለዋል፤ ጉልበታቸው ግን ደረጃ ሲወጡ ቀጭ ሲል እኔ በሬ ላይ ቆሜ ይሰማኛል። ትልቁ ልጃቸው ዓዋድ ከዘርቃ ከተማ አዲስ መድኃኒት ልኮላቸዋል። የዓዋድ ልጅ ቁተይባም አጭቷል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሠርጉ በጋው ሳያልቅ ነው አሉ። ልጅቷ አስተማሪ ናት። ቤት ግን ገና አላገኙም፤ የአማን ከተማ ኪራይ መቼ ይቀመሳል።

ዛሬ የውሃችን ቀን ነበር። በሳምንት አንዴ ነው የምትመጣልን፣ ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይህ ሕንፃ ሠርግ ቤት ይሆናል። የልብስ ማጠቢያው ያጓራል፣ ምንጣፉ ይወርዳል፣ ባልዲው ይንኳኳል። እኔም መጋረጃዎቹን አጠብኩ፣ በረንዳውን አጠብኩ፣ ከዚያ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በሳሙና አወረድኩት። ማንም አላዘዘኝም። የሕንፃችን ደረጃ በጀበል ታጅ ሰፈር አንደኛ የሆነው ታዲያ እንዴት ነው?

የቆጣሪዎቹ ሣጥን ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ጎረቤቶቼ ናቸው "የኢንሳፍ ዓይን አይሳሳትም" ብለው የሰጡኝ። ማክሰኞ ማታ ታች ወርጄ እከፍታለሁ፣ የሁሉንም አያለሁ፣ ከዚያ ደረጃው ሥር ቆሜ የማን ምን ያህል እንደሄደ ወደ ላይ እጠራለሁ፤ ያባከነ እንዲያፍር፣ የቆጠበ እንዲኮራ። የኔ ቆጣሪ እንደ ሙሽራ ረጋ ብላ ነው የምትሄደው። የሐጃ ፊዳ ግን ትሮጣለች። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት እኮ ናቸው! ከረመዳን ወዲህ እንዲህ ሆነች።

በቀስታ ጠየቅኳቸው። "ሐጃ፣ ምናልባት ቧንቧ ከፍተው ይረሱ ይሆን?"

"እኔ?" አሉ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ሩዝ ባጠብኩበት ውሃ በድስት የተከልኩትን ናናዬን የማጠጣ ሴት ነኝ። የጉድጓድ ውሃ በገመድ ስስብ ነው ያደግኩት።"

እሱስ ልክ ነው። ግን ቆጣሪ ለምን ብሎ ይዋሻል?

ጁን 12፣ ሐሙስ

ልብስ ላሰጣ ጣራ ወጣሁ። ጣራችን ሲያምር! የየቤታችንን የሳምንት ውሃ የሚይዙት ታንከሮች እንደ ነጫጭ በጎች ተደርድረዋል። ከታች ከቆጣሪው የሚመጣው የየቤቱ ቱቦ ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ቱቦ ሁሉ መልኩ አንድ ስለሆነ የማን የማን እንደሆነ የምንለየው በጨርቁ ነው። የድሮዎቹን ፀሐይ በልቷቸው ሁሉም አመድ መስለው ነበር። ከረመዳን በፊት ጣራውን ሳጸዳ አስጠሉኝና ሁሉንም ፈትቼ ጣልኳቸው። ከዚያ ከትራስ ልብስ ከተረፈኝ አዲስ አሰርኩ። ለኔ አረንጓዴ፣ ለሐጃ ነጭ፣ ለነዝሚያ ቀይ። ነዝሚያ የመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤታችን ናት፣ ቀይ ትወዳለች፣ ምላሷም ያው ቃሪያ ነው።

በዚያው ሰሞን ውርጩ የኔንና የሐጃን ቱቦ ሰነጠቀው። ወንድሜ ናይፍ መጥቶ የሁለታችንንም እስከ ታንከሩ ድረስ ቀየረልን። "ሰው ሁሉ እንዳንቺ ጨርቅ ቢያስርልኝ የቧንቧ ሥራ ጨዋታ ነበር" አለኝ። እጀ ወርቅ ነው ናይፍ።

ጁን 17፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ፣ ምንጣፉ ገና አልተጨመቀም። የሐጃ ቆጣሪ ዛሬም ሮጠች። ጠራሁት። ነዝሚያ ከበሯ ብቅ ብላ "እርጅና ሲመጣ መጀመሪያ ቧንቧ ያፈሳል፣ ቀጥሎ ጭንቅላት!" አለች። ሁሉም ሳቁ። የሐጃ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሳይሰሙ አይቀሩም።

ባለቤቴ አቡ ሻሂር (በልጃችን ስም እሱ አቡ ሻሂር፣ እኔ ኡም ሻሂር ነን) ታክሲውን አቁሞ ሲገባ ነገርኩት። "ቆጣሪው ነፋስ ቆጥሮ ይሆናል፤ ሳምንት ሙሉ ባዶ የከረመ ቱቦ መጀመሪያ የሚተፋው አየር ነው" አለ።

"ነፋሱ ለሐጃ ብቻ ነው እንዴ የሚነፍሰው?" ብለው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። አንዳንዴ እንዲህ እረታዋለሁ።

ጁን 19፣ ሐሙስ

ዓዋድ መጣ። ለእናቱ ፍራፍሬ፣ ለኔ አንድ ሣጥን ጣፋጭ። ያሳፍራል፣ እኔ ምን አደረግኩና።

"ኡም ሻሂር፣ አንቺ እናቴን ከኛ ይበልጥ ታይያታለሽ። ቁልፉም ያንቺ ነው። ስለ ውሃዋ የሚባለው እውነት ነው?"

ያየሁትን ነገርኩት። እውነቱን መደበቅ ምን ይጠቅማል? ከዚያ ጨዋታ ጨዋታን ይስባልና በክረምት ማንቆርቆሪያ ጥደው ረስተው እንዳሳረሩም አወራሁለት። ያን ቀን እየሳቅን ነበር ያወራነው፤ እኔ ራሴ ያሳረርኩት አንድ ሁለት አይደለም።

ዓዋድ ግን አልሳቀም። "የውሃው ሒሳብ አይደለም የሚያስጨንቀኝ" አለ። "ዛሬ ውሃ ነው። ነገ ጋዝ ቢሆንስ?"

ክው አልኩ። ወላሂ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ጋዝ! ከጎናችን!

ከዚያ የእናቱን ቤት ክፍል በክፍል ዞሮ አየ። በተንኮል አይደለም፣ ልጅ ነው፣ ያስባል። "ሳሎኑ ሰፊ ነው ለካ" አለ ሲወጣ።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ሐጃ ፊዳ ወንበር ወስደው የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፊት አስቀምጠዋል። "ቁጭ ብዬ ስጠብቃት እውላለሁ፣ እንደ ሌባ" አሉኝ እየሳቁ። ሳቁ ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። የቧንቧዋ አንገት ላይ ጥቁር ክር አስረዋል፤ እንዳይረሱ፣ ሲዘጉ ክሩን ወደ ግራ፣ ሲከፍቱ ወደ ቀኝ ያዞሩታል።

የወይን ቅጠል ጥቅልል ወስጄላቸው ነበር። አንድ በሉና ተዉት።

ጁን 24፣ ማክሰኞ

የሐጃን ዛሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠራሁት። ከላይ ሆነው "ጮክ በይው ልጄ፣ አልሰማሁም!" አሉ።

ጮክ ብዬ ጠራሁት።

ጁን 26፣ ሐሙስ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልጻፈው።

ዓዋድ ሁለቱን ወንድሞቹንና እህቱን ይዞ መጣ። ሐጃ ቤት ተሰበሰቡ። ሻይ ቀረበ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። እግሬን ከበር ሳላስገባ ዓዋድ "ኑሪልን፤ ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው፣ እኔ ብናገር አጋነነ ይላሉ" አለኝ። ተናገርኩ። ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ። ዓዋድ "ማንቆርቆሪያውስ?" አለ። ማንቆርቆሪያውንም ተናገርኩ። እህታቸው ማልቀስ ጀመረች።

ሐጃ ፊዳ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ባይቆጡ ምናለ፣ ቢሰድቡኝ ምናለ! ዓይን ዓይኔን አዩኝና "እኔ ዘግቼ እንደማድር አውቃለሁ" አሉ። የቀሚሳቸውን ጫፍ አስተካከሉ። "ኢንሳፍ ካለች ግን እውነት ይሆናል። ኢንሳፍ ትወደኛለች፣ አትዋሽብኝም።"

ከዚያ ወደ ዓዋድ ዞረው "እሺ፣ እመጣለሁ" አሉ።

ቤቱ ይዘጋል እንዴ ብዬ ስጠይቅ ታናሽየው ወንድሙ "ቁተይባ ይገባበታል፤ ቤት ባዶውን አይቀመጥም" አለ። ጥሩ ነው፣ የልጅ ልጅ ነው፣ ባዕድ አይደለም። ዓዋድ በደንብ አስቦበታል። ለሳቸውም ለልጁም።

ለሳቸው ነው ያደረግኩት። ጋዝ ቢሆንስ?

ጁን 28፣ ቅዳሜ

ሄዱ። አንድ ሻንጣ፣ የመስገጃቸው ምንጣፍ፣ የሐጅ ፎቶ። የናናውን ድስት ለኔ ሰጡኝ። "ሩዝ ያጠብሽበትን አትድፊው፣ ለሷ ነው" አሉኝ። ደረጃውን ሲወርዱ ጉልበታቸው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ነዝሚያ እንኳ በሯ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ "ከእንግዲህ በማን እቀልዳለሁ" ብላ።

ዓዋድ መኪናው ውስጥ ሆኖ "ኡም ሻሂር፣ የእናቴን ቆጣሪ መዝጊያ ዝጊልን፤ ከፍታ የተወችው ነገር ካለ ሰው በሌለበት እንዳይፈስ" አለኝ። ወርጄ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

የሐጃ ቆጣሪ ቆማለች። የኔም ትንሽ ነቅነቅ ብላ ቆመች! "አየህ ቁጠባ?" አልኩት አቡ ሻሂርን። "አጥበሽ አጥበሽ ቆጣሪ ካልሄደ ቁጠባ ሳይሆን ተአምር ነው" አለ። ቅናት ነው።

ደረጃው ሥር ቆሜ ስጠራ የሐጃ ተራ ላይ ስደርስ ዘልዬ የነዝሚያን ጠራሁ።

ጁላይ 3፣ ሐሙስ

ነገ የአቡ ሻሂር እህቶች ለምሳ ይመጣሉ። መቅሉባ ለሚባለው የሩዝና የዶሮ ምግብ ዶሮ እያጠብኩ፣ እጄ እስከ ክርኔ ሳሙናና ስብ ሆኖ፣ ቧንቧው አሳለው። ትፍ ትፍ አለ። ከዚያ ደረቀ።

በውሃ ቀን ማግስት ማግስት! ይህ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አቡ ሻሂር "ሴትዮ፣ ከተማውን ነው እንዴ ያጠብሽው?" ይለኛል። ጣራ ወጣ፤ ታንከራችን ባዶ። የሚያፈስበት የለም። የሐጃ ታንከር ግን ጢም ብሎ ሞልቷል አለኝ። ከድሮው የተረፈ ይሆናላ፣ እሳቸው የሉ፣ ማን ይጠቀምበታል።

ሌባ ይሆን?

ጁላይ 4፣ ዓርብ

በቦቴ ውሃ አስመጣን። እህቶቹ በልተው ሄዱ። ታላቅየዋ የደረጃውን ንጽህና አደነቀች። ናይፍን ደውዬ ጠየቅኩት፤ "ታንከሩ ውስጥ ያለችው ኳስ ተጣብቃ ውሃውን ዘግታ ይሆናል፤ በውሃ ቀን መጥቼ አያታለሁ" አለ። ኳሷ ናት። በቃ ኳሷ ናት።

ለሐጃ ፊዳ ልደውል አልኩና ተውኩት። ምን እላቸዋለሁ?

ጁላይ 8፣ ማክሰኞ

እንደሆነው ልጻፈው።

ውሃ መጣ። የሁሉም ታንከር ይንፎለፎላል፣ የኔ ዝም። ናይፍ ጣራ ላይ ነው፤ "ኳሷ ደህና ናት፣ ውሃው ነው የማይመጣው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ታች ሣጥኑን ከፍቼ ቆሜያለሁ። የኔ መዝጊያ ክፍት ነው። የኔ ቆጣሪ አትነቃነቅም። ነካካኋት፣ ምንም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄ ራሱ ሄደ። የሐጃን መዝጊያ ከፈትኩት።

የሐጃ ቆጣሪ ዘለለች። መርፌዋ ተሽከረከረች። ናይፍ ከላይ "መጣ! መጣ! ታንከርሽ እየሞላ ነው! ምን አደረግሽ?" አለ።

ዘጋሁት። "ቆመ!" አለ።

ከፈትኩት። "መጣ!"

ደጋግሜ ዘጋሁ፣ ደጋግሜ ከፈትኩ። ናይፍ "እህቴ፣ አብደሻል እንዴ?" እያለ ይጮሃል። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የታጠበ ደረጃ። እርጥብ ነበር፣ ቀሚሴ ራሰ።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

ናይፍ ቱቦዎቹን ከግድግዳው ሥር ጀምሮ እስከ ላይ በእጁ እየዳሰሰ ተከተላቸው። የኔ ቆጣሪ የሐጃን ታንከር ነው የምትሞላው። የሐጃ ቆጣሪ የኔን። ከረመዳን በፊት ጀምሮ።

"አንተ ነህ የገጠምከው!" ብዬ ጮህኩበት።

"እኔማ ጨርቁን ነው የተከተልኩት። አረንጓዴው ወዳንቺ ታንከር፣ ነጩ ወደ ሐጃ። ጨርቁን ማን ነው ያሰረው?"

እህት እንዲህ ያለ ጥያቄ ትጠየቃለች?

ሁለቱን አመድ የመሰሉ ጨርቆች መጀመሪያ ፈትቼ ጥዬ ነው አዲሶቹን ያሰርኩት። የቱ የት እንደነበረ አውቃለሁ ብዬ ነበር። ጣራውን ለመላው ሕንፃ ነው ያጸዳሁት። አረንጓዴው እዚያ በኩል ካለው ግድግዳ ቀለም ጋር ይሄድ ነበር፣ እዚያው አሰርኩት።

ናይፍ እስከ ማታ ሠርቶ አስተካከለው። አሁን ሁሉም በየቦታው ነው። እኔ ግን ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ መጋረጃ፣ ያ ሁሉ ደረጃ... እያልኩ ነው። እኔ እንደማንም ሰው ነው የማጥበው። ሰው ቤቱን ያጥባል።

ጁላይ 11፣ ዓርብ

አቡ ሻሂር "ቱቦው ተስተካክሏል፤ የሐጃን የሒሳብ ልዩነት ለዓዋድ እሰጠዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ዝጊ" አለ። "ሴትየዋ ከልጇ ጋር ናት። መንገድ ላይ አልወደቀችም።"

ልክ ነው። መንገድ ላይ አልወደቁም።

ቁተይባ ቀለም ቀቢ ይዞ መጥቷል። የሐጃን ሳሎን ነጭ እያስቀባ ነው። የቀለሙ ሽታ በበሬ ሥር ይገባል።

ጁላይ 13፣ እሑድ

አልቻልኩም፣ ለዓዋድ ደወልኩለት። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ "አላህ ይስጥሽ ስለነገርሽኝ። ግን እኮ ቆጣሪው ብቻ አይደለም፣ ማንቆርቆሪያውም አለ። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ" አለ።

"ማንቆርቆሪያ ያላሳረረ ማን አለ ዓዋድ?"

"ኡም ሻሂር፣ የሠርግ ካርዱ ታትሟል። እናቴ ለምዳለች። እባክሽ አትንገሪያት፣ ታሳምሚያታለሽ።"

ስልኩን ዘጋሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ክፉ ሰው አይደለም ዓዋድ። ጣፋጭ ይዞ ነው ሁሌ የሚመጣው።

የናናዋ ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ሩዝ ያጠብኩበትን ሁሌ እረሳና እደፋዋለሁ።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ሣጥኑን ከፈትኩ። የኔ ቆጣሪ፣ የራሴዋ፣ ሮጠች። ቆሜ አየኋት። እንዲያ ስትሮጥ ማመን አቃተኝ። ደረጃው ሥር ቆምኩ፣ ግን አልጠራሁም። ነዝሚያ ከላይ "ኢንሳፍ! ዛሬ ምነው ድምፅሽን በላሽው? የሐጃ መንፈስ ነው እንዴ ውሃውን የሚያፈሰው?" አለች።

ሣጥኑን ቆልፌ ወጣሁ።

ጁላይ 18፣ ዓርብ

ዘርቃ ሄድኩ። አቡ ሻሂር መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ የታክሲውን ቁልፍ አነሳ። መንገዱን ሙሉ የታክሲውን ሬዲዮ ሰማ። ሲደርስ ብቻ "ግቢ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ግን ማን እንዳፈሰሰው ይነገራል" አለኝ።

ዓርብ ስለሆነ ልጆቻቸው ሁሉ ነበሩ። ያኔ ምስክርነቴን የሰሙት ሁሉ። ሐጃ ፊዳ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። የዓዋድ ሚስት ጥሩ ሴት ናት፣ ክፉ አላየሁባትም፤ ግን ሐጃ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ ተከትላቸው ሄደች። ከውስጥ ቧንቧው ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ደግሞ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይሰማል። "በየቀኑ እንዲህ ናት፣ ደጋግማ ነው የምታየው" አለች ሴትየዋ ተመልሳ፣ በሹክሹክታ። "በሽታው እየባሰ ነው።"



ዓዋድ መራሩን ቡና ቀድቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩና መሬት ላይ፣ ፊቴ አስቀመጥኩት። ሳልነካው። ሁሉም ወደ ስኒው ዞሩ። ይህ የወንዶች ሥርዓት ነው፤ ሽማግሌ ለደም ወይ ለጋብቻ ሲመጣ ነው ቡናውን ሳይጠጣ የሚያስቀምጠው፣ የመጣበት ካልተሰጠው ላይጠጣ። ሴት ስታደርገው አይቼ አላውቅም። እኔም እንደማደርገው አላወቅኩም ነበር።

"ጠጪ እንጂ ኡም ሻሂር" አለ ዓዋድ። ፊቱ ተለወጠ።

"አልጠጣም።"

"ቤቴ ውስጥ ቡናዬ አይቀዘቅዝም። ምን ፈለግሽ?"

"ሐጃ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ነው የምፈልገው።" ከዚያ ለሁሉም ነገርኳቸው። ጨርቁን፣ ቱቦውን፣ የዘጋሁትን መዝጊያ፣ የደረቀውን ቧንቧዬን። "የሚሮጠው የኔ ውሃ ነበር። የሳቸው ውሃ ነው የኔ ነው ብዬ የኮራሁበት" አልኩ። ናይፍን ልወቅስ አስቤ ነበር፣ መንገድ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ከአፌ አልወጣም።

እህታቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ታናሽየው ዓዋድን አየው። "አንተ ታውቅ ነበር?" አለው። ዓዋድ ወደ ቡናው አቀረቀረ።

ሐጃ ፊዳ የቀኝ እጃቸውን አንስተው መዳፉን አገላብጠው አዩት፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ።

"ሌሊት እየተነሳሁ ከቧንቧዋ ሥር እዳስስ ነበር" አሉ። "ደረቅ ነበር። ደረቅ መሆኑን እጄ ያውቃል። አንቺ ስላልሽ እጄን ትቼ አንቺን አመንኩ።"

ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

ዓዋድ "እማ፣ ቤቱ እኮ ተቀብቷል፣ ቁተይባ..." ሲል ቁተይባ ራሱ "አያቴ፣ የኔ ሕይወት፣ ሌላ እንፈልጋለን" አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"ምን ዓይነት ቀለም ነው የተቀባው?" አሉት ሐጃ።

"ነጭ።"

"ነጭ እወዳለሁ። እኔው እኖርበታለሁ" አሉና ጉልበታቸው ቀጭ እያለ ተነሱ። "ዓዋድ፣ ለእንግዳህ ትኩስ ቡና ቅዳላት። ይሄኛው ቀዝቅዟል።"

ቀዳልኝ። ጠጣሁት። እንዲህ የመረረ ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ሐጃ ቤታቸው ናቸው። ናናውን መለስኩላቸው፤ አዩትና "ተጠምታ ነበር" ብቻ አሉ።

ማታ ደረጃው ሥር ቆሜ ጠራሁ። የራሴን መጀመሪያ፣ ጮክ ብዬ። ቀጥሎ "ከረመዳን ወዲህ የሐጃ ፊዳ ነው ብዬ የጠራሁት ሁሉ የኔ ነበር!" አልኩ። ከላይ የታንከሮቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቁልፉን ለነዝሚያ ሰጠኋት። "ነይ ወዲህ፣ እኔ ምላሴ ነው እንጂ ክፉ፣ ዓይኔ ደህና ነው" ብላ ተቀበለችኝ። አልቀለደችብኝም። ይህ ደግሞ ከቀልዱ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ደረጃውን በዚህ ሳምንት ጠረግኩት እንጂ አላጠብኩትም።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ጠዋት ነዝሚያ ስኳር ልትበደር መጣች፤ ቁተይባ ማርካ አካባቢ ሁለት ክፍል አገኘ አለችኝ። ቀጥሎ ናይፍ መጣ፤ ጨርቆቹን አንስቶ የየቤቱን ስም በቀለም ቱቦው ላይ ጻፈና ሄደ።

ሲመሽ በሬ ተንኳኳ። ሐጃ ፊዳ ናቸው። "ልጄ፣ ነይና እይልኝ" አሉ። "ዘግቼዋለሁ?"

ሄድኩ። ወንበሩ አሁንም ቧንቧው ፊት ነው። ቧንቧውን ከመጠን በላይ አጥብቀውት በጉልበቴም ንቅንቅ አላለልኝም። ከሥሩ እቃ ማጠቢያው ደርቋል፤ እንደ አጥንት።

"ተዘግቷል ሐጃ።" እጃቸውን ይዤ ከቧንቧው ሥር አስገባሁት። "ይዳስሱ። እጅዎ ምን ይላል?"

ዳሰሱ። ጣታቸውን የቧንቧዋ አፍ ላይ አዙረው ደግመው ዳሰሱ።

"ደረቅ ነው ይላል" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"